የማይኒንግ ሪግ ልትገጣጥሙ ነው? ከሶኬቱ ጀምሩ

ማይኒንግ (ኮምፒውተርን ስሌት እያሠሩ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ ማግኘት) ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ካርድ ገዛሁ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ ወጣሁ፣ ከዚያ የት እንደማስቀምጠው ማሰብ ጀመርኩ፣ በመጨረሻ የመብራት ሒሳቡ መጣ። ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ። አሁን ቢሆን ከግድግዳው ሶኬት እጀምርና ወደ ውስጥ እየገባሁ ካርዱን ወደኋላ ላይ ነው የምመርጠው። እዚህም በዚያው መንገድ እንሄዳለን።

ምክንያቱ ምንድነው? ይሄ ማሽን አይጠፋም። የጌም ኮምፒውተር ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራና ያርፋል። ሪግ፣ ማለትም ለማይኒንግ የሚገጣጠመው ማሽን፣ ግን ቀን ከሌት ሙሉ ጭነት ላይ ነው። ለሁለት ሰዓት ምንም የማይል ቀሽም ገመድ፣ ሁለት ወር ያለ እረፍት ሲሠራ ጉድ ያፈላል።

ሶኬቱና ቆጣሪው

1000 ዋት የሚበላ ሪግ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በ30 ቀን 720። ይሄን በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ገቢው ይወጣል ይወርዳል፣ የኮይኑ (የዲጂታል ገንዘቡ) ዋጋም የኔትወርኩ ዲፊከልቲም (የስሌቱ ክብደት) አንድ ቦታ አይቆምም፤ የመብራቱ ወጪ ግን ገቢ ኖረም አልኖረም ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የትርፍ ማስያዎች የሚያሳዩት የዛሬን ነው። ስለዚህ እኔ የሚሰጡኝን ቁጥር በግማሽ ቀንሼ ነው የማየው። ግማሹ የመብራቱን ካልሸፈነ ዕቃውን ተዉት፣ ያንኑ ገንዘብ ኮይኑን ራሱን ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ሌላው ደግሞ ሕጉን እዩ። ማይኒንግን ጭራሽ የከለከሉ አገሮች አሉ፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ዘግታዋለች።

ቀጥሎ ገመዱ ነው። 10 አምፒር የሚችል መስመር በ220 ቮልት 2200 ዋት ይሸከማል፣ ወረቀት ላይ። ለሰዓታት ሳይቋረጥ ለሚሠራ ነገር ግን ከ80 በመቶው በላይ መጫን ደግ አይደለም፣ ማለትም ወደ 1760 ዋት አካባቢ ላይ ቁሙ። 120 ቮልት በሚጠቀም አገር ላላችሁ ያው 10 አምፒር የሚሰጠው 1200 ዋት ብቻ ነው፣ ከዚያም ላይ 20 በመቶውን ቀንሱ። በዚያው መስመር ላይ ሌላ ምን እንደተሰካ አትርሱ፤ ፍሪጅ ወይም የውሃ ማሞቂያ ካለበት ድርሻውን ይወስዳል። ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ ደግሞ ሪግ አይሰካም። በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አያገኝም።

ሙቀትን በተመለከተ ብዙ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ማሽኑ የበላው ዋት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። 1000 ዋት ሪግ ማለት በሌላ ቋንቋ 1000 ዋት ማሞቂያ ነው፣ ያውም የማይጠፋ። ትንሽ ክፍል ውስጥ በር ዘግታችሁ ብታስቀምጡት ካርዶቹ ራሳቸው ያስወጡትን ትኩስ አየር መልሰው ይስባሉ። ቀዝቃዛ አየር ከታች የሚገባበት፣ ትኩሱ ከላይ የሚወጣበት መንገድ ያስፈልጋል። ኤሲ እገጥማለሁ ካላችሁ የኤሲውንም ፍጆታ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ኮይኑ ዕቃውን ይመርጣል

ቢትኮይንን በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግ ዛሬ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሜዳውን አሲክ የሚባሉት ማሽኖች ይዘውታል፤ እነዚህ አንድ ሥራ ብቻ፣ ሻ-256 የሚባለውን ስሌት ብቻ፣ እንዲሠሩ የተፈበረኩ ናቸው። እነሱም እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። በአንድ ወቅት የሁሉም ቤት ማሽን የነበረው አንትማይነር ኤስ9 ለአንድ ቴራሃሽ (ለአንድ ትሪሊዮን የስሌት ሙከራ) ወደ 98 ጁል ይበላል፣ ከሱ በኋላ የመጣው ኤስ21 ግን 17.5 ጁል ብቻ። እና አንድ ሰው ኤስ9 በርካሽ አገኘሁላችሁ ቢላችሁ ርካሹ ማሽኑ እንጂ ማሽከርከሪያው አይደለም። ድምፃቸውም 75 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ ልክ እንደ ቫኪዩም ክሊነር፣ ቀኑን ሙሉ። አሲክ ተገጣጥሞ ስለሚመጣ ከዚህ በኋላ አናነሳውም።

ኢቴሪየምስ? እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ማይኒንግን ትቶ ወደ ስቴኪንግ (ኮይን አስይዞ ገቢ ማግኘት) ዞሯል። አሁንም ድረስ «ለኢቴሪየም የሚሆን ምርጥ ሪግ» የሚሉ የድሮ መመሪያዎችና ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው፣ ቀኑን ሳታዩ አትከተሏቸው። ለካርድ የቀሩት እንደ ሬቨንኮይንና ኢቴሪየም ክላሲክ ያሉት ናቸው፣ ኢቴሪየም ክላሲክ ላይም አሲኮች ገብተውበታል። ሞኔሮ ደግሞ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ራንደምኤክስ በሚባል ስሌት ነው የሚሠራው፤ ይሄ ሆን ተብሎ ለፕሮሰሰር የተሠራ ስለሆነ ካርድ ብዙም አይረዳም።

ሞኔሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለጀማሪ በጣም ጣጣ የሌለው እሱ ነው፤ ራይዘር (ካርዱን ከማዘርቦርዱ አርቆ የሚያገናኝ ገመድና ሰሌዳ) የለው፣ ፍሬም (ካርዶቹ የሚደረደሩበት መደርደሪያ) የለው። ፕሮሰሰር ስትመርጡ የኮር (የፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍል) ብዛት አያታልላችሁ። ራንደምኤክስ ለእያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ መስመር) 2 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ይፈልጋል። ስለዚህ የካሹን መጠን ለሁለት ስታካፍሉ ስንት ትሬድ በደንብ መሥራት እንደሚችል ታውቃላችሁ። ራይዘን 7 5700ጂ እና ራይዘን 7 5700ኤክስ ስማቸው መንትያ ነው የሚመስለው፣ ሁለቱም 8 ኮርና 16 ትሬድ አላቸው። የመጀመሪያው ግን ካሹ 16 ሜጋባይት ነው፣ ስለዚህ 8 ትሬድ ብቻ ይቀልባል። ሁለተኛው 32 አለው፣ አስራ ስድስቱንም ይቀልባል። ራይዘን 9 3900ኤክስ ደግሞ በ64 ሜጋባይቱ 24ቱንም ትሬድ አጥግቦ ይተርፈዋል። ራሙን በሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ ግዙ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ ይወርዳል። ስሌቱ ራሱ ከ2 ጊጋባይት በላይ ራም ይይዛል፣ ስለዚህ ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ አትታገሉ። ኤክስኤምሪግ የሚባለውን የማይኒንግ ፕሮግራም ስትጭኑ «ሂዩጅ ፔጅስ» የሚለውን (ሜሞሪን በትልልቅ ክፍል የሚመድበውን) ምርጫ ማብራት አትርሱ፤ ብዙ ሰው እሱን ሳያበራ ፕሮሰሰሩን ይረግማል።

ካርድ ስትመርጡ

አሁን ወደ ካርዱ። ትልቁ ስህተት ከፍተኛውን ሃሽሬት (በሰከንድ የሚሠራውን የስሌት ብዛት) ማሳደድ ነው። መታየት ያለበት ለአንድ ዋት ስንት ሃሽ ይሰጣል የሚለው ነው። በኢቴሪየም ዘመን የነበረውን ላስታውሳችሁ። አርቲኤክስ 3080 በደንብ ሲስተካከል ከ95 እስከ 100 ሜጋሃሽ ይሰጥ ነበር፣ 220 ዋት ገደማ እየበላ። 3060 ቲአይ ደግሞ 60 ሜጋሃሽ ገደማ በ120 ዋት። ሁለት 3060 ቲአይ ከአንድ 3080 ብዙም ያልበለጠ ኃይል ይበላሉ፣ የሚሰጡት ግን 120 ነው። ወሬው ሁሉ ስለ 3080 ነበር፣ ትርፉ ግን ወዲህ ነበር። ዛሬ ኮይኑም ቁጥሩም ተቀይሯል፣ ማካፈሉ ግን ያው ነው። የካርዱን ሃሽሬት የምታዩት ማይን በምታደርጉት ኮይን ላይ ይሁን፤ አንዱ ላይ አንበሳ የሆነ ካርድ ሌላው ላይ ተራ ሊሆን ይችላል።

ሜሞሪ ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ የካርድ ስሌቶች ዳግ የሚባል ትልቅ ፋይል ካርዱ ሜሞሪ ላይ ይጭናሉ፣ እሱም ከጊዜ ጋር እያደገ ይሄዳል። ፋይሉ ሜሞሪውን ያለፈ ቀን ካርዱ ከጨዋታ ይወጣል፣ ብልሽት ሳይኖርበት። በ2020 መጨረሻ ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች ከኢቴሪየም የተሰናበቱት በዚህ ነው። ከ8 ጊጋባይት በታች አዲስ ገንዘብ አታውጡ።

ሦስተኛው፣ ማይኒንጉ አላዋጣ ሲል ካርዱን ማን ይገዛኛል የሚለው ነው። ጌም ተጫዋች የሚፈልገው ካርድ ምንጊዜም ገበያ አለው። ኤንቪዲያ በ2021 ለማይኒንግ ብቻ ብሎ ያወጣቸው ሲኤምፒ የሚባሉ ካርዶች ነበሩ፣ የስክሪን መሰኪያ የላቸውም። ኢቴሪየም ሲዞር ባለቤቶቻቸው ታቅፈዋቸው ቀሩ።

ያገለገለ ካርድ እንግዛ ወይ? አዎ፣ እኔ አብዛኛው ዕቃዬ ያገለገለ ነው። ማይን ሲደረግበት የነበረ ካርድ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ በተረጋጋ ሙቀት ሲሠራ የቆየ ካርድ ቺፑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያልቁት ማራገቢያዎቹና ሙቀት የሚያስተላልፉት ፓዶች ናቸው። ማራገቢያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ካንቀራፈፈ ወይም ከተንገጫገጨ መለወጫ ቀንሱበት። ከዚያ ማሽን ላይ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ ሲሠራ ካላያችሁ አትክፈሉ። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የካርዱ ስምና የውስጡ ቁጥር መመሳሰሉን እዩ። ባዮሱ (ውስጡ የተጫነው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ አሮጌ ካርድ የአዲስ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ደግሞ ፎርጅድ ሳይሆንም ስም የሚያሳስት አለ። አርኤክስ 580 መደበኛው 2304 ኮር አለው፣ 2048 ኮር ያለው ሌላ ካርድም በዚያው በ580 ስም ይሸጣል። እንደ 3080 ያሉ ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ ያላቸው ካርዶች ላይ የሜሞሪውን ሙቀት ለብቻው ተመልከቱ። የቺፑ ሙቀት 60 እያለ ሜሞሪው 110 ዲግሪ ሊነካ ይችላል፣ እዚያ ሲደርስ ካርዱ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ ፓዱ መቀየር አለበት ማለት ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ፓወር ሰፕላይና ራይዘር፣ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ

የመጀመሪያ ሪጌ ሦስት ካርድ ነበረው። ፓወር ሰፕላዩ ባለ 6 ፒን ኬብል አለቀበትና፣ ከራይዘሩ ጋር አብሮ የመጣውን ከሳታ (የዲስክ ኃይል ማያያዣ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ትንሽ ገመድ ሰካሁ። አብሮ የመጣ ስለሆነ የሚሠራ መሰለኝ። ሠራም፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ከግድግዳው ነቀልኩና በስልኬ መብራት ሳየው ጥቁሩ የሳታ ማያያዣ አብጦ ቀልጧል፣ ቢጫው ሽቦ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ ሁለቱ ማያያዣዎች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። በቢላ ነው የለያየኋቸው። ካርዱ ተርፏል። እኔ ግን ያን ሌሊት እዚያው ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። አንድ የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው። ካርድ ደግሞ ከተሰካበት ማስገቢያ እስከ 75 ዋት የመሳብ መብት አለው። 75 ከ54 ይበልጣል፣ በቃ። ያቺን ገመድ ከራይዘሩ ካርቶን ውስጥ ስታገኟት ወዲያው ጣሏት፣ «ለጊዜው» ብላችሁ እንዳታስቀምጧት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ራይዘሩን በቀጥታ በባለ 6 ፒን ኬብል መግቡት፣ በአንድ ኬብል ላይ ከሁለት ራይዘር በላይ አታንጠልጥሉ። በነገራችን ላይ ራይዘሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ገመድ የዩኤስቢ ገመድ ቢመስልም ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ከራሱ ትንሽ ሰሌዳ ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው።

የፓወር ሰፕላዩን መጠን እንዲህ አስሉት። ስድስት ካርድ እያንዳንዱ 130 ዋት፣ 780 ይሆናል። ለማዘርቦርድ፣ ለፕሮሰሰርና ለማራገቢያ 100 ጨምሩ፣ 880። ይሄ ከአቅሙ 80 በመቶ እንዲሆን ለ0.8 ስታካፍሉት 1100 ይመጣል። እና 1200 ዋት ግዙ። 1000 ዋት ይበቃል የሚል ሻጭ ይኖራል፣ ይበቃል እሱም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጫፉ ላይ እየተንጠለጠለ።

80 ፕላስ ጎልድ የሚለውን ምልክት አትለፉት። ካርዶቹ 1000 ዋት ቢፈልጉ፣ 90 በመቶ ብቃት ያለው ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 1111 ዋት ይስባል። 80 በመቶ ያለው 1250። ልዩነቱ 139 ዋት ነው፣ በወር ሲደመር ወደ 100 ኪሎዋት ሰዓት። ምንም ሳይሠራ ሙቀት ሆኖ የሚባክን 100 ኪሎዋት ሰዓት! በርካሽ የገዛችሁት ፓወር ሰፕላይ የቀረውን ዋጋ በየወሩ በቆጣሪው በኩል ያስከፍላችኋል።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። የሚነቀል ኬብል ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ኬብላቸው አይዋዋስም። ጫፉ ልክ ይገባል፣ የሽቦው አደራደር ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንዱ አምራች ውስጥ ከሞዴል ሞዴል ይለያል። 12 ቮልት መሆን በሌለበት ቦታ ሲገባ ካርድ ወይም ዲስክ በአንድ ሰከንድ ይሰናበታል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንድ ካርድና የሱ ራይዘር ከአንዱ ብቻ ይመገቡ፣ ሁለቱን አብሮ የሚያስነሳ ማገናኛም ያስፈልጋል። የሰርቨር ፓወር ሰፕላይም ጥሩ ነው፣ በብቃቱ አይታማም፣ ግን ጩኸቱ ለመኝታ ቤት አይሆንም፤ የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነም ማከፋፈያ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ ማዘርቦርዱም በሌላ መንገድ ነው የሚመገበው።

የቀረው ርካሹ ክፍል

እዚህ ላይ ቆጥቡ። ለካርድ ሪግ ፕሮሰሰሩ ከሁሉም ርካሹ ሴሌሮን ይበቃል። ራም 8 ጊጋባይት፣ ዲስክ ትንሽ ኤስኤስዲ። ካርዱና ማዘርቦርዱ የሚለዋወጡት ዳታ በጣም ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ፒሲአይኢ ኤክስ1 ማስገቢያ ሙሉ ካርድ ታሠራለች፤ ለዚህ ነው ራይዘር የሚያዋጣው። ስለዚህ ማዘርቦርድ ስትመርጡ ማስገቢያዎቹን ብቻ ቁጠሩ። ለማይኒንግ ተብለው የወጡ አሉ፣ አስሮክ ኤች110 ፕሮ ቢቲሲ+ 13 ካርድ ይይዛል፣ አሱስ ቢ250 ማይኒንግ ኤክስፐርት 19። ግን እውነቱን ለመናገር ቤት ውስጥ 19 ካርድ የሚያስነሳ ሶኬት ያለው ማነው? አምስት ስድስት ማስገቢያ ያለው ተራ ቦርድ ይበቃል። ባዮሱ ውስጥ «አበቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚል ምርጫ መኖሩን ግን ሳትገዙ አረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ብዙ ጊዜ ከአራተኛው ካርድ በኋላ ማሽኑ አልነሳም ይላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱን የሚያስነሳበት ምርጫም እዚያው ባዮስ ውስጥ ነው፣ አብሩት።

ዊንዶውስ ከተጠቀማችሁ ቨርቹዋል ሜሞሪውን ቢያንስ የካርዶቹን ሜሞሪ ድምር ያህል አድርጉት። እኔ ሃይቭኦኤስ ነው የምጠቀመው፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ ካርዶቹን ከስልኬ ሆኜ አያቸዋለሁ። ኢንተርኔቱ ፈጣን መሆን የለበትም፣ የማይቆራረጥ ይሁን፤ ከዋይፋይ ይልቅ ገመድ።

ፍሬሙ እንጨትም ይሁን አሉሚኒየም ክፍት ይሁን። በካርዶቹ መካከል ቢያንስ አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ተዉ። ከምንጣፍ፣ ከመጋረጃና ከድመት አርቁት። (ድመት ሙቀት ትወዳለች፣ ፀጉሯ ማራገቢያ ይወዳል።)

ሲገጣጠም

ሁሉንም ካርድ በአንዴ አትስኩ። አንድ ካርድ፣ አንድ ራይዘር፣ አስነሱት። ከዚያ ፓወር ሊሚቱን (የካርዱን የኃይል ጣሪያ) ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረጋችሁ ሃሽሬቱን እዩ፤ ብዙ ካርድ ኃይሉ 20፣ 30 በመቶ ሲቀነስበት ሃሽሬቱ ብዙም አይነቃነቅም፣ የተቀነሰው ዋት በሙሉ የእናንተ ነው። ሜሞሪ ላይ የተመሠረተ ስሌት ከሆነ የሜሞሪውን ፍጥነት ጨምሩ፣ የኮሩን ቀንሱ። እንደ ሬቨንኮይን ያለው ግን ኮሩንም ስለሚፈልግ አብዝታችሁ አትጫኑት። ፑሉ (ብዙ ሰዎች በጋራ ማይን የሚያደርጉበት አገልግሎት) የማይቀበላቸው ሼሮች (ማሽኑ የሚልካቸው የስሌት ውጤቶች) ከበዙ አብዝታችኋል ማለት ነው፣ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ይሥራ። ከዚያ እጃችሁን ማያያዣዎቹ ላይ አድርጉ፣ ከሶኬቱ ጀምራችሁ፣ መሰኪያው፣ የፓወር ሰፕላዩ ገመድ፣ የራይዘሩ 6 ፒን፣ የካርዱ 8 ፒን። ለብ ካለ ችግር የለም። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ አጥፉትና ያንን ገመድ ቀይሩ። ሁሉም ለብ ብቻ ካለ ሁለተኛውን ካርድ ስኩ።